መጽሐፉ ተለቀቀ፤ ደራሲውስ?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ፊት ቁጢጥ ብዬ ሳገላብጥ ‹‹ጋሼ፣ ኦሮማይ አለልህ! በድጋሚ የተለቀቀ ነው›› አለኝ።

‹‹መጀመሪያስ መቼ ተለቀቀና?›› አልኩት። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እስቲ ውድ አንባብያን፣ ይህቺን ‹‹በድጋሚ ተለቀቀ›› የምትባል አነጋገር እንመርምራት። ዘፈን ይለቀቃል፣ ፊልም ይለቀቃል፣ እስረኛም ይለቀቃል። መጽሐፍ ግን ድሮ ‹‹ታተመ››፣ ‹‹ወጣ›› ነበር የሚባለው፤ ዛሬ እሱም ከካሴት ተራ ገብቷል። ይግባ፣ አንጣላም። ‹‹በድጋሚ›› ስንል ግን አንዴ ሕዝብ እጅ ገብቶ፣ ጊዜ አልፎበት፣ ተመልሶ የመጣ ማለታችን ነው። አምሐ እሸቴ በ1960ዎቹ በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚል ተከታታይ ሲዲ ሲወጡ፣ ያ በእርግጥ ዳግም መለቀቅ ነው። ሸክላው በጊዜው ተሽጧል፣ ተጨፍሮበታልም።

ኦሮማይስ? የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ገበያው ገና ሳይጠግበው ከየመደብሩ ተለቀመ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ፣ በይፋ አደባባይ የወጣው ደርግ በ1983 ከወደቀ በኋላ ነው። ታዲያ ይሄ ‹‹በድጋሚ ተለቀቀ›› ይባላል? ታስሮ ተፈታ እንጂ!

‹‹የቃል ጉዳይ ነው፣ ምን አካበደህ?›› የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ‹‹በድጋሚ›› ስትል እኮ መጀመሪያም በሰላም ተሸጦ ነበር እያልክ ነው! አጋጆቹን ያለ ችሎት በነጻ አሰናበትካቸው። ያ መጽሐፍ ሻጭ ልጅ በ1983 አልተወለደም። ሽፋኑ ላይ ‹‹ሁለተኛ ዕትም›› ብቻ ከተጻፈለት እውነቱን ከየት ያመጣዋል? አሳታሚዎቻችን ‹‹በ1975 ታትሞ የታገደ›› የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ ቀለም አያልቅባቸውም።

‹‹ኦሮማይ›› አስመራ ከጣሊያንኛ የወረሰችው ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ ማለት ነው። መጽሐፉ ግን አላከተመለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ባሕር ማዶ ወጥቷል።

በዓሉ የኢሉባቡር ልጅ ነው። ከዚህ ከጅማ በበደሌ በኩል የሚሄደው የቡና መንገድ ወደ አገሩ ይወስዳል። ዛሬ መጽሐፉ በዚያ መንገድ እንደልቡ ይመላለሳል። ባለቤቱ ግን፣ በድጋሚ ይቅርና፣ አንዴም አልተለቀቀም።