ሹፌሩ ያልመዘነውን ለምን ሹፌሩ ይቀጣ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ባለፈው ወር እህል ጭኖ ሲመጣ ሚዛን ጣቢያ ላይ ተያዘ። ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ነው፤ የኋላው አክስል ግን ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ጫኞቹ ወደ ኋላ አብዝተው ደርድረውት ኖሯል። ሁለት ቀን ቆመ። ቅጣቱንም ባለንብረቱ ከደመወዙ ቆረጠበት። "ጋሼ፣ የኔ ዓይን ሚዛን ነው እንዴ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

"ኩንታል ቆጥሮ አያውቅም ወይ?" የምትሉ አላችሁ። ጠቅላላውን ምናልባት። የትኛው አክስል ላይ ስንት እንዳረፈ ግን በቆጠራ የሚያውቅ የለም። አሸዋ የሚጭን ገልባጭማ ጭራሽ! ያው ክምር ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፤ በዓይን ግን ያው ነው።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ግፊት ማለት ፎርስ ሲካፈል ለስፋት ነው ብዬ በየዓመቱ አስተምራለሁ። መኪና ላይ የሚገጠመው ሚዛን ከዚህ ብዙም አይርቅም። መኪናው በአየር ከረጢት ላይ የተቀመጠ ከሆነ ጭነቱ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ሴንሰሩ ያንን አንብቦ ወደ ክብደት ይቀይረዋል። ባሌስትራ ከሆነም አክስሉ ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይለመጣል፤ ያቺን መለመጥ የሚለካ ሴንሰር አለ። ሹፌሩ ገና ሲጫን ጋቢና ውስጥ ቁጥሩን ያያል። "በቃ፣ ከኋላ ቀንሱ፣ ወደ ፊት አምጡ" ይላል። አለቀ።

ይሄ ቅንጦት አይደለም። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የመንገድ ሙከራ በተገኘው ስሌት መሠረት፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስሉ ክብደት አራተኛ ፓወር ገደማ ነው የሚያድገው። አክስሉ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ጫንክ ማለት መንገዱን እጥፍ ጎዳኸው ማለት ነው። ትርፍ ጭነት ፍሬን ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል የወረደ ሰው ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አባል አገራቱ ትርፍ የጫነውን መንገድ ላይ በተተከለ አውቶማቲክ ሚዛን ወይም መኪናው ላይ በተገጠመ ሚዛን እንዲለዩ አዟል።

"ይበላሻል፣ ይሳሳታል" ትሉኛላችሁ። አልክድም። በየጊዜው ከትልቁ ሚዛን ጋር ካልተስተካከለ፣ ወይ ዳገት ላይ ከተነበበ ይስታል። ሚዛን ጣቢያውን ይተካ አላልኩም። ግን ትንሽ የሚስት ቁጥር ከግምት ይሻላል።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ጋቢና ውስጥ ቁጥር ካለ "አላወቅኩም" ማለት ይቀራል። ለባለንብረቱም፣ ለጭነት ላኪውም፣ ለወንድሜም። እሱም አንዳንዴ እያወቀ ትርፍ ጭኖ እንደሚወጣ ነግሮኛል፤ እምቢ ካለ ቁልፉን ሌላ ሹፌር ይቀበላል። ቁጥር ቢኖረው ቢያንስ እምቢ የሚልበት ማስረጃ በእጁ ይሆናል።

የምለው ይሄ ነው። አዲስ የሚገቡ ከባድ መኪኖች ከነሚዛናቸው ይግቡ። ሲጫን የታየው ቁጥር የጭነት ሰነዱ ላይ ይጻፍ፣ ላኪውም ይፈርምበት። ትርፍ ከተገኘ ያስጫነውም ይቀጣ። እስከዚያው ግን መመዘኛ ያልሰጡትን ሰው ደመወዝ መቁረጥ ግፍ ነው።

ሹፌሮች፣ ሹፌር ወንድም ወይ አባት ያላችሁ፣ የደረሰባችሁን ከታች ጻፉልኝ። ባለንብረቶችም ተከራከሩኝ፤ አልቀየምም።