«ድመት ውሃ አትወድም» የሚለው ሰበብ ይብቃ

ድመት ባለበት የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ የምትሰማ አንዲት አባባል አለች፤ «ድመት መቼ ውሃ ትወዳለች?» ጎረቤት ለጎረቤት ይነግረዋል፤ ልጅ ከእናቱ ይማረዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የተዘጋ ፋይል ይሆናል። ጥፋቱ የድመቷ ተፈጥሮ ነው፤ ባለቤቱ ነጻ ወጥቷል። ተጨማሪ ምስክር ካስፈለገም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባልና ክርክሩ ያበቃል።

አባባሏ ግማሽ እውነት ናት። ጉዳት የምታደርሰውም ግማሽ እውነት ስለሆነች ነው። ድመት እንደ ውሻ ጣሳ ሙሉ ውሃ ግጥም አድርጋ አትጠጣም። ይህ ማለት ግን ውሃ አያስፈልጋትም ማለት አይደለም። ውሃዋን የምታገኘው ከሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ያንን ቦታ የዘጋባት ደግሞ ዛሬ «አትወድም» እያለ የሚያማት ያው ባለቤቷ ነው።

ከሥሩ እንየው ከተባለ፣ የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው በደረቅ አገር ከሚኖረው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት ኢትዮጵያ ውስጥም ይገኛል። ምንጭ ፍለጋ የሚንከራተት እንስሳ አይደለም፤ አድኖ ከሚበላው ሥጋ ውሃውንም አብሮ ያገኛል። አንዲት አይጥ ከክብደቷ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው። ኩላሊቱም ያገኘውን ውሃ ቆጥቦ ሽንትን እጅግ አወፍሮ ማስወጣት ይችላል። ለዚህ ነው የድመት የጥም ስሜት እንደ ሌሎች እንስሳት ቶሎ የማይቀሰቀሰው። በእህል መጋዘንና በወፍጮ ቤት የምትኖር ድመት እስከ ዛሬ የምትተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው። አይጧን ትበላለች፤ ከቦይ፣ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ትልሳለች። አዳሯን ታውቅበታለች።

አሁን ይህችኑ ድመት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቶ በሩን መቆለፍ ነው። አይጥ የለም። ቦይ የለም። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከፊቷ የሚቀርበው ደግሞ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ደረቅ ምግብ ነው፤ በጾም ወቅት፣ ሥጋ ለሳምንታት ከቤት ሲጠፋ፣ ከዚያ ሌላ የሚቀርብላት ነገር የለም።

ሒሳቡን መሥራት ከባድ አይደለም። አንዲት ድመት በቀን የሚያስፈልጋት ውሃ፣ ከምግቧ የምታገኘው ተደምሮ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 10 እጅ ቢሆን ነው። 60 ግራም ብትበላ 6 ሚሊ ሊትር አገኘች፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ ሥጋም ሆነ እርጥቡ የቆርቆሮ ምግብ ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ እጁ ውሃ ነው። ደረቅ የምትበላ ድመት ከሌላዋ የበለጠ ወደ ሳህኗ መሄዷ እውነት ነው፤ ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ ግን አታካክሰውም። ተፈጥሮዋ ለዚህ አልተሠራም።

የጎደለው ውሃ ዋጋ የሚጠየቀው በሽንት ፊኛ ላይ ነው። የወፈረ ሽንት ውስጥ ማዕድናት እየረጉ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሆናሉ። የወንዴ ድመት የሽንት መውጫ ቱቦ በጣም ጠባብ ስለሆነ በዚህ አሸዋና በዝቃጭ ይደፈናል። ወደሚጸዳዳበት ቦታ ይመላለሳል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል፤ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው፣ ወይም ምንም የለም። ቤተሰቡ «ሆዱ ደርቆበት ነው» ብሎ ዘይት ሊያጠጣው ይሞክራል። በዚህ መሃል መውጣት የነበረበት መርዝ ወደ ደሙ ይመለሳል፤ የፖታሲየም መጠኑ ጨምሮ ልቡን ያቆመዋል። ሁለትና ሦስት ቀን ይበቃል። እንዲህ የሚያምጥ ወንዴ ድመት «ነገ እናየዋለን» አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የከተማዋ የእንስሳት ክሊኒኮች ከነዋሪው አንጻር ጥቂት መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ፣ ከሕክምናው ይልቅ ቀድሞ መጠንቀቁ ምን ያህል እንደሚሻል ማንም አያጣውም።

እርግጥ ለዚህ በሽታ ውሃ ማነስ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ውፍረትም፣ ጭንቀትም፣ የምግቡ ዓይነትም ድርሻ አላቸው። ከሁሉም ግን ባለቤቱ ዛሬ ማታ ያለ ሐኪምና ያለ ወጪ ሊያስተካክለው የሚችለው ውሃውን ነው።

እዚህ ላይ ሦስት መልሶች ይመጣሉ።

የመጀመሪያው «ወተት ትጠጣለች እኮ» የሚለው ነው። ድመትና ወተት በተረትም በሥዕልም ተጋብተው ስለኖሩ ጥንዶች ይመስላሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ድመቶች ጡት ከጣሉ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅማቸው ይቀንሳል። ወተቱ ያስቀምጣቸዋል፤ የሚያስቀምጣት ድመት ደግሞ ውሃ ታጣለች። ውሃ ይሆናታል ተብሎ የተሰጣት ወተት ያላትን ውሃ ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛው የነጋዴው መልስ ነው። በኤሌክትሪክ እየተሽከረከረ የሚፈስ የድመት ፏፏቴ አለ፤ በዓለም ዙሪያ በሰፊው ይሸጣል፤ እዚህም ማስታወቂያው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይጠፋም። የሚፈስ ውሃ የሚወዱ ድመቶች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በተደረጉ ሙከራዎች ፏፏቴው በሁሉም ድመት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ልዩነቱ ከድመት ድመት ነው። ችግሩ ምግቡ ውስጥ ሆኖ ሳለ መፍትሔውን ከሶኬት መፈለግ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ደግሞ፣ ገንዘብ ላስቸገረው ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አይመከርም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይከብዳል፤ «ሰው ውሃ ባጣበት ከተማ ስለ ድመት ውሃ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው። ጄሪካን ተሸክማ ደረጃ ለምትወጣ እናት ይህ ክርክር ቀልድ ሊመስላት ይችላል። መልሱ ግን ከቁጥሩ ውስጥ ነው። የሚጠየቀው 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ብርጭቆ ገደማ ነው። እጅ ሲታጠቡ ከዚያ በላይ ይፈሳል። ድመቷ የጎደለባት የውሃው መጠን ሳይሆን የባለቤቷ ልብ ማለት ነው። የውሃ ፈረቃውን ሰበብ የሚያደርግ ሰው ፈረቃው ባይኖርም ሳህኑን አያጥብም ነበር።

ደግሞም ፈረቃው ራሱ የድመቷን «አመል» ያብራራል። ውሃው ከቧንቧ ሲቀዳ ክሎሪን ይሸታል፤ ጄሪካን ውስጥ ሲከርም ፕላስቲክ ይሸታል። ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ የድመት አፍንጫ ግን ከሰው እጅግ የላቀ ነው። ከዚያ ያ ውሃ አፉ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በጠባብ ጣሳ ታች ላይ ተጨምሮ፣ ከምግቧ አጠገብ፣ አንዳንዴም ከምትጸዳዳበት አሸዋ ጎን ይቀመጥላታል። ሦስት ቀን ሳይለወጥ ይሰነብታል፤ ላዩ ላይ ዝንብ ይንሳፈፋል። እሷ ትታው ባልዲ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ስትልስ «ቅብጥብጥ» ትባላለች።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድመት እንዴት እንደምትጠጣ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ውሻ ምላሱን ወደ ኋላ አጥፎ ውሃው ውስጥ ያጠልቃል። ድመት ግን የምላሷን ጫፍ ብቻ ከውሃው ገጽ ላይ ታሳርፍና በፍጥነት ትስበዋለች፤ ውሃው ተከትሎ ሲነሳ አፏን ትዘጋበታለች። ይህንን በሰኮንድ አራት ጊዜ ገደማ ታደርገዋለች። ከውሃው ገጽ ላይ እንዲህ በስሱ የሚጠጣ እንስሳ ጭንቅላቱን ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ እንዲያጠልቅ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱ ምኑ ነው ቅብጠት?

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ማንም ቤት የማይጠፋ ነው። አፈ ሰፊ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሳህን፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ በየቀኑ ታጥቦ የሚለወጥ። ቤቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቦታ፣ ከምግቧም ከአሸዋዋም ራቅ ብሎ። ውሃው ከተቀዳ በኋላ ክፍት ዕቃ ላይ ትንሽ ቆይቶ ሽታው ሲለቅ። ከሁሉም በላይ ግን ውሃውን ምግቡ ውስጥ ማስገባት፤ ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውሃ አርሶ ማቅረብ፣ ሳይበላ የተረፈውን ቶሎ ማንሳት። ከሥጋ ቤት የሚገዛው ሳንባና ቁርጥራጭ ተቀቅሎ ከነውሃው ቢሰጣት ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ብቻውን ግን ሙሉ ምግብ አይሆናትም። ቅቅሉ ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይንካው። የወጥ መረቅ ለድመት አይሆንም፤ ሽንኩርት የደሟን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ውሃ ዞር ብላ የማታይ የነበረች፣ ዕድሜዋ የገፋ ድመት በድንገት ብዙ መጠጣት ከጀመረች «ተመስገን፣ አመሏን ተወች» አይባልም። የደከመ ኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ነገር ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው፤ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛው ሥራው ካበቃ በኋላ ነው።

እንስሳን ቤት ውስጥ መዝጋት መብት ሊሆን ይችላል። ከመኪና፣ ከውሻና ከተመረዘ አይጥ ይጠብቃታልና ደግ ሥራም ሊሆን ይችላል። ግን በሩ በተቆለፈበት ቅጽበት አንድ ውል ይታሰራል፤ ለራሷ ታገኘው የነበረውን ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚያቀርብላት ቁልፉን የያዘው ነው። ውሉን በግማሹ ፈርሞ፣ ጉድለቱን በድመቷ አመል ማሳበብ ሐቀኝነት አይደለም።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ እውነት ነው። አልረሳችም። ዛሬም ውሃዋን ከምግቧ ውስጥ ትጠብቃለች። የረሳው በሩን የቆለፈባት ሰው ነው።