የሰፈር መንገድ ፍጥነት የማን ጉዳይ ነው?
ነዋሪዎች በራሳቸው ስለሚሠሯቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች

በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚያልፍ ሰው ማንም መሐንዲስ ያልነደፋቸው ጉብታዎች ያጋጥሙታል። አንዳንዱ ከቤት ግንባታ በተረፈ ኮንክሪት የተሠራ ነው። ሌላው ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ጎማ፣ ወይም መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ ወፍራም ገመድ ነው። የመንገድ ባለሙያ እነዚህን ጉብታዎች ደንብ የጣሱ መሰናክሎች አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ አሽከርካሪውም ያማርርባቸዋል። በአጠገባቸው የሚኖረው ሰው ግን እንዲነሡ አይፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በእነዚህ ሁለት ወገኖች መካከል ይቆማል። ነዋሪው የሠራው ጉብታ በአሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ የተሠራበት ምክንያት ግን ትክክል ነው። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ጉብታውን ከማፍረሱ በፊት በጉብታው የቀረበለትን ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። ጥያቄውን የሚቀበል፣ የሚለካና በጊዜ ገደብ መልስ የሚሰጥ ሕጋዊ መንገድ እስካልተዘረጋ ድረስ፣ ዛሬ የፈረሰው ጉብታ ነገ ከአንድ ቤት ፈቀቅ ብሎ ተመልሶ ይሠራል።

የችግሩ ምንጭ

የሰፈር ውስጥ ፍጥነት የአሽከርካሪ ጠባይ ብልሹነት ብቻ የወለደው አይደለም። ቢያንስ ሁለት መዋቅራዊ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የዋና መንገዶች መጨናነቅ ነው። ጠዋትና ማታ ዋናው መንገድ ሲዘጋ አሽከርካሪው አቋራጭ ፍለጋ ወደ ሰፈር ይገባል። ይህ አሽከርካሪ በሰፈሩ የሚጎበኘው ዘመድ ወይም የሚያራግፈው ዕቃ የለውም፤ የሚፈልገው በዋናው መንገድ ያባከነውን ጊዜ ማካካስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመንገዱ መሻሻል ራሱ ነው። በበርካታ የከተማዋ ሰፈሮች የውስጥ መንገዶች በጌጠኛ ድንጋይ ሲነጠፉ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ኮሚቴ አቋቁመው ሥራውን ተከታትለዋል። የቀድሞው ጭቃና ኮረኮንች ኑሮን አስቸጋሪ ቢያደርግም ተሽከርካሪን አዝግሞ እንዲሄድ ያስገድድ ነበር። ንጣፉ ሲመጣ ይህ ተፈጥሯዊ ልጓም ተነሣ፤ በምትኩ የተቀመጠ ሌላ ልጓም ግን አልነበረም። ከኪሱ አውጥቶ መንገዱን ያሠራው ሰው በዚያው መንገድ ልጁን ብቻውን ወደ ሱቅ መላክ ፈራ።

ጉዳዩን የሚያከብደው የሰፈር መንገድ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። አብዛኞቹ የውስጥ መንገዶች የእግረኛ መሄጃ የላቸውም፤ ሰውና ተሽከርካሪ የሚሄዱት በአንድ ንጣፍ ላይ ነው። ግቢ ለጠበባቸው ቤቶች መንገዱ የልጆች መጫወቻ ነው። ሰው ሲሞት የሐዘን ድንኳን፣ ልጅ ሲዳር የሰርግ ዳስ የሚተከለው በዚያው ነው። የጉልት ነጋዴዋ ሽንኩርትና ቲማቲሟን የምትዘረጋው በጠርዙ ላይ ነው። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ የሚሄዱ አረጋውያን ጎሕ ሳይቀድ የሚራመዱት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የሰፈር መንገድ ፍጥነት ሲጨምር የሚጠበው የመኖሪያው ስፋትም ጭምር ነው።

ፍጥነትና የሰው አካል

የፍጥነትን አደጋ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 8.3 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ መንገድ ላይ ደህና ፍሬን ያለው መኪና በድምሩ ወደ 13 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በ50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው መኪና ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 13.9 ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ፍሬን መያዝ ገና አልጀመረም ማለት ነው። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ 28 ሜትር ይጠጋል፤ በክረምት በረጠበ ጌጠኛ ድንጋይ ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ በ50 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ግጭት በ30 ከሚደርሰው 2.8 እጥፍ ገደማ ጉልበት ይሸከማል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2020 የደገፈው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኞችና ተሽከርካሪዎች በሚቀላቀሉባቸው ቦታዎች የፍጥነት ወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚሞቱ አስፍሯል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎች ቀዳሚው የሞት መንሥኤ ይኸው ነው።

ጉዳቱ በሟችና በቁስለኛ ብቻ አይቆጠርም። የከተማ ፕላን ምሁሩ ዶናልድ አፕልያርድ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ የመኖሪያ ጎዳናዎችን አወዳድሮ ነበር። ልዩነታቸው በቀን የሚያልፍባቸው የተሽከርካሪ ብዛት ነበር፤ 2,000፣ 8,000 እና 16,000 ገደማ። ጸጥተኛው ጎዳና ላይ አንድ ነዋሪ በአማካይ ሦስት ወዳጆች ሲኖሩት፣ የተሽከርካሪ ፍሰት በበዛበት ጎዳና ቁጥሩ ከአንድ በታች ወርዶ ነበር። ጉርብትና፣ ዕድርና ቡና መጠራራት የማኅበራዊ ዋስትናው መሠረት ለሆነ ከተማ ይህ ግኝት ቀላል ትርጉም የለውም።

ጉብታው የሚያደርገውና የማያደርገው

ነዋሪው የሚሠራው ጉብታ ብዙውን ጊዜ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። በእንግሊዝ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተካሄደው ሙከራ እንዳሳየው፣ አጭር ጉብታ በዝግታ የሚያልፈውን አሽከርካሪ ያንገጫግጫል፤ በፍጥነት የሚያልፈውን ግን ድንጋጤው በጎማውና በሞላው ስለሚዋጥ ያን ያህል አይነካውም። ከዚያ ሙከራ የወጣው ንድፍ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመትና እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ እንደ ቀስት ለስላሳ የጎበጠ ነው። በዚህ ጉብታ ላይ ምቾት ማጣት ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ በዝግታ የሚያልፍ አይቀጣም።

የሰፈሩ ጉብታ ሌሎች ጉድለቶችም አሉት። ቀለምና ምልክት ስለሌለው በሌሊት አይታይም፤ የባጃጅና የብስክሌት ነጂን ይገለብጣል። ምጥ የያዛትን እናት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው የጫነ አምቡላንስ ላይ የሚያደርሰው ሥቃይ ግልጽ ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሲዘጋው የክረምቱ ጎርፍ መውረጃ አጥቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል። አንድ ቤት ራሱን ሲከላከል ሌላው ይጎዳል፤ ጉብታ የሠራው ሰውም ከታች በኩል ካለው ጎረቤቱ ጋር ይጣላል።

እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ግን የንድፍ ጉድለቶች ናቸው። ነዋሪው ስለ ጉብታ ርዝመት ባያውቅም፣ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚበር፣ ልጆች ከየትኛው በር እንደሚሮጡና የት ላይ ለጥቂት እንደተረፉ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ፖሊስ የሚመዘግበው የደረሰ አደጋን ነው፤ ለጥቂት የታለፈው አደጋ የሚቀመጥበት መዝገብ የለም። በዚህ ረገድ በየሰፈሩ የተበተኑት ጉብታዎች ያልተጻፈ መረጃ ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ሰው የደነገጠበትን ቦታ ያመለክታሉ።

ከሌሎች ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

የኔዘርላንድስ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ገደማ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የአምስተርዳም ዴ ፔይፕ ሰፈር ልጆችና ወላጆች መንገዳቸውን ዘግተው ለጨዋታ እንዲለቀቅላቸው ጠየቁ፤ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ስም የያዘ አገር አቀፍ ንቅናቄም ተነሣ። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ግን ከተቃውሞው በኋላ የሆነው ነው። በዴልፍት ከተማ ተሞክሮ የነበረው «ዎነርፍ» የተባለ የመንገድ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ዕውቅና አገኘ። ቃሉ «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ነው፤ በዚያ መንገድ ተሽከርካሪ በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት የሚያልፍ እንግዳ ነው። መንግሥት የነዋሪውን ጥያቄ ወስዶ ወደ ንድፍና ወደ ሕግ ለወጠው።

የአሜሪካዋ ባልቲሞር ደግሞ የተቃራኒውን ገጽታ ታሳያለች። በዚያች ከተማ ለአሸዋና ለኮረብታ የተሠሩ፣ ሰሌዳ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶችና ባለ አራት ጎማ ሞተሮች በቡድን ሆነው በመኖሪያ ጎዳናዎች ይጋልባሉ። ሕጉ ይከለክላቸዋል። ይሁንና ማሳደድ ራሱ መንገደኛን ለሞት ስለሚዳርግ ፖሊስ ከኋላቸው ከመሮጥ ይቆጠባል። ነዋሪው በክልከላውና በማይፈጸምበት ሁኔታ መካከል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ያለ ልዩ ፈቃድ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ስታግድ ዋናው ምክንያት ወንጀልን መከላከል ነበር። የተሽከርካሪ ዓይነትን ማገድ ያንን ተሽከርካሪ ያስወግድ ይሆናል፤ መንገዱ ለፍጥነት ክፍት ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ግን ሌላው ተሽከርካሪ ቦታውን ይወስዳል።

በብሪታንያ የሚሠራበት ሌላ ስልትም አለ። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ ነዋሪዎች በመሣሪያ ፍጥነት ለክተው ለፖሊስ ያሳውቃሉ፤ ፖሊስም ለተሽከርካሪው ባለቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል። ነዋሪው አይቀጣም፣ አያስቆምም፤ ይመሰክራል እንጂ። ይህ ድንበር አስፈላጊ ነው። አሽከርካሪን በጉልበት የሚያስቆም ሰፈር ከፍጥነት ወደ ጠብ ለመሻገር ብዙ አይቀረውም።

ምን ሊደረግ ይገባል?

በአዲስ አበባ ኃላፊነቱ የተከፋፈለ ነው። መንገዱን የሚሠራው የመንገዶች ባለሥልጣን፣ ትራፊኩን የሚያስተዳድረው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ደንብ የሚያስከብረው ፖሊስ፣ ለነዋሪው ቅርብ የሆነው ደግሞ ወረዳው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ጥያቄ የሚቀርብበትን በር አንድ ማድረግ ነው። ወረዳው ማመልከቻውን ተቀብሎ መዝግቦ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ60 ቀናት ውስጥ፣ በጽሑፍ መልስ እንዲያሰጥ ቢገደድ ነዋሪው ሲሚንቶ ከማቡካቱ በፊት የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።

ሁለተኛው ልኬት ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመንገዱ ላይ 50 ሜትር ለክቶ ሁለት ምልክት ማድረግና የእጅ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ ርቀቱን ከ6 ሰከንድ በታች የጨረሰ ተሽከርካሪ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ነው። ከተሽከርካሪዎቹ 85 በመቶው የማያልፉት ፍጥነት ከታወቀ ውሳኔው ከስሜት ወደ ቁጥር ይሸጋገራል። በከተማዋ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን ሥራ ከወረዳዎች ጋር በመተባበር ሊያከናውኑት ይችላሉ።

ሦስተኛው ወጥ ንድፍ ነው። ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ የውኃ መውረጃው፣ ቀለሙና ምልክቱ የተወሰነ፣ የሰፈር ግንበኛ ሊሠራው የሚችል አንድ መደበኛ ጉብታ ታትሞ ለየወረዳው ይሰጥ። ነባሮቹ ጉብታዎች በዚህ እስኪተኩ ድረስ፣ ለሕይወት የሚያሰጉት ካልሆኑ በስተቀር፣ አይፍረሱ።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

አንደኛው መቃወሚያ መንገድ የሕዝብ እንጂ የሰፈር አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሰንሰለት ዘርግቶ ወይም በር ሠርቶ መንገድ የሚዘጋ ሰፈር የሌላውን መብት ይነካል። ፍጥነትን መቀነስ ግን ማለፍን መከልከል አይደለም። ግማሽ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን የሰፈር መንገድ በ50 ፋንታ በ30 ኪሎ ሜትር ለማለፍ የሚጨመረው ጊዜ 24 ሰከንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው። ማመልከቻን መሠረት ያደረገ አሠራር የሚጠቅመው ጊዜ፣ ገንዘብና ሰው የሚያውቅን ሰፈር ነው፤ ብዙ ሕፃናት ያሉበት የድሆች ሰፈር ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል የሚል ነው። ይህ ሥጋት ተገቢ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ በፊርማ ብዛትም ሆነ በመዋጮ መጠን ሊወሰን አይገባም። የተለካው ፍጥነት፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ቅርበት፣ እንዲሁም የእግረኛው ብዛት መመዘኛ ይሁኑ። መዋጮ ያላቀረበ ሰፈር ደኅንነቱን ሊነፈግ አይገባም።

ማጠቃለያ

የፍጥነት ወሰን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተደንግጓል፤ የጎደለው ሕግ አይደለም። በየሰፈሩ ጥግ የትራፊክ ፖሊስ ማቆምም አይቻልም። ሌት ተቀን ሳይሰለች ፍጥነትን የሚቆጣጠረው የመንገዱ ቅርጽ ነው። ነዋሪው ይህን የደረሰበት ያለ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ የጎደለው የባለሙያ እጅ ብቻ ነው። የከተማው አስተዳደርና የምርምር ተቋማት ሥራ ሊጀምሩ የሚችሉት እነዚህን ጉብታዎች በካርታ ላይ በመመዝገብና በእያንዳንዱ አጠገብ ያለውን በር አንኳኩቶ ለምን እንደተሠራ በመጠየቅ ነው።