ሩጫ ወይስ ትምህርት? ማነው አስመርጡ ያለን?

አምና አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ከ11ኛ ክፍል አቋርጦ ወጣ። «ቲቸር፣ ሯጭ ልሆን ነው» አለኝ። እኔም «ሩጫውን ተውና ተማር» አልኩት። ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም ተሳስተናል።

ያሬድ ንጉሤን ታውቁታላችሁ? ወላጆቹ ከኢትዮጵያ አሜሪካ የገቡ ናቸው። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ለዩኒቨርሲቲው ይሮጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በ1500 ሜትር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ ለአሜሪካ ሮጦ የኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ። ዲግሪውም በእጁ ነው!

እዚያ ስኮላርሺፑን የሚያገኙት በእግራቸው ነው፤ ግን የትምህርት ውጤቱ ከተወሰነው በታች የወረደ ልጅ አይወዳደርም። ማስመረጥ ብሎ ነገር የለም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ገንዘቡ የለንም። ግን ንጋት ላይ ልምምድ ሠርቶ የመጣን ልጅ «አርፍደሃል» ብሎ በር ላይ መመለስ የገንዘብ ጉዳይ ነው? ክለቦችስ ልጁን ከማስፈረማቸው በፊት «ካርድህን አሳየን» ቢሉ ስንት ብር ያወጣሉ? ጉልበቱ የተጎዳ ቀን ምን ይዞ ይቀራል?

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ተመለስ። የሩጫ ጫማህንም ይዘህ ና።