ጥርሷን ሳትቦርሽ ቀርታ አይደለም

ከአዲስ አበባ ተነስተው ሞጆ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ ዝዋይና ሐዋሳ። በየትኛውም ቢሄዱ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ልጅ ያጋጥምዎታል። ጥርሷ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ሰው ግን «እናቷ ጥርሷን አታስቦርሻትም» ይላል።

በእናቲቱ አይፍረዱ። ነገሩ ያለው ውሃው ውስጥ ነው።

አተም በመሃሉ ፖዘቲቭ ፕሮቶኖች፣ በዙሪያው ኔጌቲቭ ኤሌክትሮኖች አሉት። ቁጥራቸው እኩል ሲሆን ይጣጣፋሉ። ኤሌክትሮን የሰጠ አተም ፖዘቲቭ፣ የተቀበለ ደግሞ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዮን እንለዋለን። ወጥዎ ውስጥ የሚጨምሩት ጨው እንዲህ የተሠራ ነው፤ ሶዲየም ከ11 ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ለክሎሪን ይሰጣል፣ ሰጪና ተቀባይ ተሳስበው ይያያዛሉ። ፍሎሪን ያሉት ኤሌክትሮኖች 9 ናቸው። አሥረኛውን ከሌላው ለመውሰድ የሚያህለው የለም። ሲወስድ ፍሎራይድ ይባላል።

የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ አለው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ያሟሟዋል። ውሃው ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ፣ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠው የካልሲየም አዮን ፍሎራይዱን ስቦ ባዘቀጠው ነበር። የዚህ አካባቢ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ከኛ ማሰሮ ይደርሳል፤ ካልሲየሙንም ጥርሳችንና አጥንታችን ውስጥ ያገኘዋል።

ጥቂቱ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል። ሲበዛ ግን ድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፤ በተለይ እስከ 8 ዓመት ድረስ። ጥርሱ ሲበቅል ጉዳቱን ይዞ ስለሚወጣ ቡርሽ አያስለቅቀውም። ብዙ ፍሎራይድ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ ይህም በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ በጥናት ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ክሎሪንም አያስወግደውም። ፍሎራይድ ሽታ ስለሌለውና በጣዕም ስለማይታወቅ፣ የጉድጓድዎን ውሃ የምርመራ ውጤት የውሃ አገልግሎቱን ይጠይቁ፤ መጠኑ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚዘጋጅ ማጣሪያ ፍሎራይድን ይይዛል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ስለሚሞላ መለወጥ አለበት። በንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። ሁሉም ካልተመቸዎት፣ የተሻለውን ውሃ ለሕፃናቱ መጠጥና ምግብ ያስቀድሙ፤ ልብስ በጉድጓዱ ውሃ ቢታጠብ ግድ የለም።

ያቺን ልጅ ደግሞ ሲያገኟት ስለ ቡርሽ አይምከሯት። ምን ውሃ እንደምትጠጣ እናቷን ይጠይቁ፤ ታናሽ ወንድም ካላት ለእሱ ገና ጊዜ አለ።