አባት የሌለው ግድብ

«ግድቡ በደለል ተሞልቷል።» «መስመሩ ተቋርጧል።» «ውሃው ባክኗል።» ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ዐመሉ አይለቀውምና፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ሳይሆን ግሱን ነው። ማን ሞላው? ማን አቋረጠው? አድራጊው የለም። በሰዋስው ሕግ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ግድቡ ነው፤ እንግዲህ ጥፋተኛውም እሱ ነው ማለት ነው! የምረቃው ዕለት ግን አድራጊ ሞልቶ ተርፏል። እገሌ ሪባን ቆረጡ፣ እገሌ ንግግር አደረጉ፣ እገሌ የመሠረት ድንጋይ አስቀመጡ።

ይህን ያነሳሁት የላስታ ነገር ከንክኖኝ ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር «ላስታ እኮ ዝናብ አጠር ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላሊበላን ያየ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። ከዐለት ተፈልፍሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ዮርዳኖስ በክረምት ይጎርፋል። በጋ ሲገባ ደረቅ ቦይ ይሆናል። ታኅሣሥ 29 ለገና ምእመኑ ከአራቱም ማዕዘን ሲጎርፍ፣ ሰው በሞላበት ሰሞን ወንዙ የለም። ጥያቄው የሁለት ወሩን ዝናብ ለቀሩት ወራት ማቆየት ነው። (ንጉሥ ላሊበላ የዓባይን መንገድ ሊያስለውጥ አስቦ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለን። ዓባይን ለማዞር የሚፎክር ሕዝብ አንዲት የቀበሌ ኩሬ መካፈል ሲያቅተው ምን ይባላል?)

ተከዜስ ቢሆን? ከእነዚሁ ተራሮች ተነስቶ ቁልቁል ይወርድና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውንና 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን ግድብ ይመግባል። መብራት አልጠላሁም። ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ለምትወጣ የላስታ ሴት «የተከዜን ልጅ» ተብሎ ቢተረት ማን ይከራከራል?

«በቃ ግድብ ይሠራ» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራ! ያውም ከፍ ካለ ቦታ ላይ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ ለወራት መብራት ሲቋረጥባት ፓምፕ ምን ሊሠራ ይችል ነበር? ከላይ በራሱ ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ መብራት አይጠይቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚሁ ወሎ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ፣ የቦርከና ግድብ ሥራ ሳይጀምር በደለል ሞላ። ደለሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ከላይኛው ገበሬ ማሳ ነው የመጣው። ያ ገበሬ እርከን ለምን ይሥራ? ከብቱንስ ከተዳፋቱ ለምን ይከልክል? ግድቡ ግጦሹን ይወስድበታል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ለእሱ የሚተርፈው ስብሰባ ነው። ድርሻ ያልተሰጠው ሰው አፈሩን ይልክላችኋል።

ደለል ባይኖርስ? ሐረማያን አስታውሱ። ሐረር ከእሱ ትጠጣ ነበር፣ በዙሪያው ያሉ ከተሞችም ይጠጡ ነበር፣ ገበሬውም ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስብ ነበር። ሁሉም ቀጂ ነበር፤ «ዛሬ ይብቃ» የሚል አልነበረም። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ቢመለስበትም፣ ሐረር ግን በመሐሉ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ውሃ በፓምፕ ሽቅብ ማስወጣት ግድ ሆኖባታል።

የሚገርመኝ መድኃኒቱ ደጃችን መሆኑ ነው። መስኖ የሚያውቅ የአማራ ገበሬ ውሃውን ያለ «የውሃ አባት» አይተወውም። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ከተራው ውጪ የጠለፈውን ይቀጣል፣ ውሃው ሲያንስ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣ ይወስናል። እኛ ግን ኢንጂነር ላክን፣ ሲሚንቶ ላክን፣ አባቱን ረሳነው። የኮሚቴ ስም ዝርዝር ፋይል ውስጥ ማስቀመጥና አባት መሾም አንድ አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉም አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይናገራል፤ ለቤት ውስጥ ፍጆታም ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል። መልካም። ግን መጋቢት ላይ የግድቡ ውሃ ግማሽ ሲደርስ ይህን ቅድሚያ በቫልቩ ላይ የሚያስከብረው ማን ነው? ታንከር የሞላ ሆቴልና አንድ ጀሪካን ያላት እናት በአንድ ቧንቧ ጫፍ ቢገናኙ ማን ይዳኛል? የከተማው ነዋሪ እንዲጠጣ የታችኛው ገበሬ መስኖው ሲዘጋበት የሰብሉን ኪሳራ ማን ይከፍለዋል? አዋጁ እዚያ ድረስ በእግሩ አይሄድም፤ ሰው ያስፈልገዋል።

«ይህ ለደሃ አገር አይሆንም» የሚሉኝም አይጠፉም። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ቧንቧዋ ሊዘጋ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያዳናት ሀብት ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዱ ሰው የቀን ድርሻ 50 ሊትር ተብሎ ተቆረጠ። በአቅራቢያዋ ያሉ ገበሬዎች የውሃ ማኅበርም ከራሱ ግድብ 10 ቢሊዮን ሊትር ያህል ለከተማዋ ለቀቀ። ልብ በሉ፣ የለቀቀው ማኅበር ነው። ስም ያለው፣ ሊለምኑትም ሊከሱትም የሚቻል። እኛ ዘንድ ከተማው ሲጠማ የሚለምነው ማንን ነው? ገበሬው ሲበደልስ የሚከሰው?

ስለዚህ በላስታ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት አንድ ወረቀት እንዲፈረም እጠይቃለሁ። የላይኛው ገበሬ፣ የታችኛው ገበሬና የከተማው ነዋሪ ይቀመጡና ውሃው ሦስት አራተኛ ሲሆን፣ ግማሽ ሲሆን፣ ሩብ ሲሆን የማን ቧንቧ እንደሚጠብብ ይጻፉ። ውሉ በሐምሌ ይፈረም፤ መጋቢት ላይ ከሆነማ ዱላ ነው የሚፈርመው። ለላይኛው ገበሬ ለእርከኑ የሚታሰብለት ክፍያ በውሃው ታሪፍ ውስጥ ይግባ። የቫልቩን ቁልፍ የሚይዘው የውሃ አባት በተጠቃሚው ይመረጥ፤ ስሙም ግድቡ ላይ በሚለጠፈው እብነ በረድ ይቀረጽ፣ ከመራቂው ስም በላይ።