ማድረቂያው ሲጠፋ ምን እያለን ነው?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ክረምት ሲበረታ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ መገልገል የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ከልክ በላይ ሞቆ በመካከል ሲጠፋ፣ «ቴርሞስታቱ ነው ያስቸገረ» ብሎ በሽቦ በቀጥታ ማገናኘት አቋራጭ መፍትሔ ይመስላል። እኛ ግን ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

ማሞቂያው አየሩን ያሞቃል፤ ማራገቢያውም የሞቀውን አየር በልብሱ መካከል አሳልፎ ከነእርጥበቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው አየሩ ስለሆነ፣ መንገዱ በጨርቅ ብናኝ ሲታፈን ሙቀቱ በውስጥ ይከማቻል። ቴርሞስታቱ ኃይሉን የሚቆርጠው ያን ጊዜ ነው።

የደጋው አየርም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለሆነም ያው ማራገቢያ የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጠረፍ ከተማ ችላ ሊባል የሚችል ጥቂት ብናኝ እዚህ ማሽኑን ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ አስቀድመን ሶኬቱን እንንቀል። ማጣሪያውን እናጽዳ፤ የአየር መውጫ ቱቦው አለመታጠፉንና አለመደፈኑን፣ ማራገቢያውም በደንብ መዞሩን እናረጋግጥ። ቴርሞስታቱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከተበላሸም በዓይነቱና በሙቀት ልኩ አቻ በሆነው ይተካ። ጠባቂው የተነሣለት ማሽን ደረቁን ብናኝ አቀጣጥሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላልና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሳይንስ ተማሪ ምልክቱን ከማፈን ይልቅ ምክንያቱን ይመርምር እንላለን።